አሞራዋ የማትጾመው ጾም

ደግሰው የዓመቱን ምርጥ ወፎች የሚመርጠው ጳጉሜን ላይ ነበር። ከኪሱ የማትለየውን ደብተር ከመስከረም ጀምሮ ገጽ በገጽ ያነብና ዐሥር ወፍ ያወጣል። የትኛዋ ወፍ፣ የት፣ በስንት ቀን፣ ምን ስታደርግ እንዳያት በካርቶን ላይ በትልልቁ ይጽፍና በሚሠራበት ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ድሮ እንግዶች የሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ካርቶኑ ፊት ይቆሙና «ነገ ይህችን አሳየኝ» ይሉት ነበር። በሽታው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳው ቀረ። ሆቴሉ አልጋዎቹን በላስቲክ ሸፍኖ ተዘጋ። ባለቤቱ አቶ አረጋ ደግሰውን ከአስጎብኚነት ወደ ጥበቃነት አዛወሩት። ካርቶኑን ማውረድ ግን ማንም አላሰበም፤ ደግሰውም በየዓመቱ መለወጡን አልተወም። የሚያነበው እሱ ብቻ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ግን ጳጉሜንን መጠበቅ አላስፈለገውም። የዓመቱ አንደኛ ወፍ ማን እንደሆነ ጥር ላይ ዐወቀ። ጥር 14 ቀን ጠዋት፣ ከብልባላ መንገድ በላይ ካለው ቀይ ገደል ፊት ለፊት ተቀምጦ በባይኖኩላሩ ሲያይ፣ ጎጆዋ ላይ ከተኛችው አሞራ ደረት ሥር አንድ ግራጫ ራስ ብቅ አለ። ራሱ ለአንገቱ ከብዶት ይወዛወዛል። ደግሰው ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ አየው። ባይኖኩላሩን ሲያወርድ መስተዋቱ ረጥቦ ነበር።

አገሩ ሁሉንም በአንድ ስም አሞራ ብሎ ይጠራቸዋል። ደግሰው ግን ይህችን «አጥንት ሰባሪዋ» ይላታል። ሌላው አሞራ ሥጋ ሲሻማ እሷ ራቅ ብላ ትጠብቃለች። ሁሉም ጠግቦ ሲነሣ የቀረውን አጥንት አንሥታ ወደ ሰማይ ትወጣና ድንጋይ ላይ ትለቀዋለች፤ ሲሰበር ወርዳ ትውጠዋለች። ደረቷ የዛገ ቆርቆሮ ይመስላል፤ ከመንቆሯ ሥር እንደ ጢም ያለ ጥቁር ነገር ተንጠልጥሏል። ደግሰው ደብተር መያዝ በጀመረ ጊዜ በዚያ ተራራ ዙሪያ ስድስት ጥንድ ቆጥሮ ነበር። አሁን የቀሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የፈለፈሉት ጫጩት በጾሙ አጋማሽ ጎጆው ላይ ደርቆ አይቶታል። ባለፈው ዓመት ጭራሽ አልፈለፈሉም።

ጫጩቱ ለመብረር አራት ወር ይፈልጋል። ደግሰው በጣቱ ቆጠረ፤ ግንቦት ላይ ደረሰ። በመካከሉ ዐቢይ ጾም አለ። ሃምሳ አምስት ቀን የላሊበላ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ከብት የሚታረድበት ሜዳ ይደርቃል፣ ከየቤቱ የሚጣል አጥንት አይገኝም። ሰው ጾሞ ፋሲካን ይጠብቃል። ገደል ላይ ያለ ጫጩት ፋሲካን ምኑን ያውቃል።

ይህን ሁሉ ለማን ይነግረዋል? በከተማው ስሙ «አሞራው» ከሆነ ቆይቷል። ስሙ የወጣለት ገና ጀማሪ አስጎብኚ ሳለ ነው። አስጎብኚዎች በተራ ነበር የሚሠሩት፤ ለጀማሪ የሚደርሰው ትልልቆቹ የናቁት እንግዳ ነው። አንድ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፋች ፈረንጅ መጥታ አብያተ ክርስቲያናቱን በግማሽ ቀን ጨርሳ «ወፍ ማየት እፈልጋለሁ» አለች። ትልልቆቹ ባሕር ተሻግራ ለቁራ መጣች ብለው ሳቁና ለደግሰው ሰጧት። አምስት ቀን ተራራ ለተራራ አብሯት ዞረ። በመጨረሻው ቀን ባይኖኩላሯን አንገቱ ላይ አጥልቃለት ሄደች። አባቱ ድጓ ተምሮ እንደ እሳቸው መሪጌታ እንዲሆን ይመኙ ነበር፤ እሱ ደግሞ ዜማውን ትቶ የወፍ ድምፅ መለየት ያዘ። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሡበትም። ቢቆጡት ይቀለው ነበር።

ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ጋሸና ላለው ለያሲር ደወለ። ያሲር ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት አለው፤ ደግሰው እንግዶች ይዞ በሚያልፍበት ዘመን ምሳ የሚያበላቸው እዚያ ነበር።

«ያሲር፣ አጥንት ፈልጌ ነበር።»

«በጾም መግቢያ? ወላሂ ደጌ፣ ከሰለምክ ንገረን እንጂ፤ እንደግሳለን።»

«ለአሞራ ነው።»

«ጫጩት አላት እንዴ?»

«አላት።»

«እና እናንተ ስትጾሙ እሷን ማን ጠየቃት? እኛም እኮ ረመዳን ልንገባ ነው። ዘንድሮ ሁለቱም ጾም ተያይዟል። ግን ማታ ማፍጠሪያ ይፈለጋል፤ ማረዳችን አይቀርም። ዐርብ ዐርብ በሚኒባስ እልክልሃለሁ። ሹፌሩ ስለ ሽታው ከሰደበህ እኔ የለሁበትም።»

እንዲህ ሆነ። ዐርብ ከሰዓት ደግሰው መናኸሪያ ሄዶ ጆንያውን ይቀበላል፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይሸከመውና ሁለት ሰዓት ተኩል ይጓዛል። ከጎጆው ፊት ለፊት ካለ ጠፍጣፋ አለት ላይ አጥንቱን ይዘረግፍና ዞር ብሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ቁራዎች፣ ከዚያ ሁለቱ ይመጣሉ። ጫጩቱ ወፈረ፤ ግራጫው እየጠቆረ ላባ አወጣ።

እነዚያ ጠዋቶች ለደብተሩም ደግ ነበሩ። የካቲት 29 ቀን አንድ እሬት አበባ ላይ በፀሐይ ሐምራዊ የምትሆን ረጅም ጭራ ያላት የአበባ ማር መጣጭ ወፍ አየ። መጋቢት 6 ቀን መንቆራቸው እንደ ማጭድ የቆለመመ ዐርባ ሁለት ጋጋኖዎች ከገደሉ ተነሥተው እየጮኹ በላዩ አለፉ። መጋቢት 13 ቀን ደግሞ ብርዱን ሸሽተው ወደ መጡበት ወደ ሰሜን የሚመለሱ ንስሮች ከጠዋት እስከ ቀትር ሳይቋረጡ ሲያልፉ መቶ ሲደርስ መቁጠሩን ተወ። በሌላ ዓመት እያንዳንዳቸው ለአንደኛነት የሚበቁ ነበሩ። ደግሰው ጻፋቸውና ዓይኑን ወደ ጎጆው መለሰ።

ጆንያው ግን ያንጠባጥባል። በየቅዳሜው ከኪዳን የሚመለሱ ሴቶች ያገኙታል። አንድ ቀን ሚስቱ ባንቺዓለም ሽሮ ስታማስል ቆይታ ሳትዞር እንዲህ አለችው።

«በጾም ሥጋ ተሸክሞ ገደል ይወጣል፤ እዚያ ጠብሶ ይበላና አፉን ጠርጎ ይወርዳል እየተባልክ ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ያላለው ማነው ብለህ ጠይቀኝ።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ከስተህ ሱሪህን በሲባጎ እያሰርክ ስትወጣ አይሃለሁ። ሰው ግን ጆንያህን እንጂ ሱሪህን አያይም።»

መጋቢት 21 ዒድ ሆነና ያሲር ሁለት ጆንያ ላከ። ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት መንገዱ ተዘጋ። ደግሰው መናኸሪያ ቆሞ ቆይቶ ደወለ።

«መኪና የለም» አለ ያሲር። «መቼ ይከፈታል አትበለኝ፤ እሱን የሚያውቅ ሰው ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ። አጥንቱን ዘርግቼ አስጥቼዋለሁ። ቢከፈት በዚያው ሰዓት ይነሣል።»

አልተከፈተም። ደግሰው ባዶ እጁን ገደሉ ጋ ሄደ። እናትየዋ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠፍታ ቆየችና አንድ የደረቀ የፍየል ሰኮና ይዛ መጣች። ጫጩቱ ሰኮናውን ገፍቶ ጎጆው የተነጠፈበትን ጠጉር ይነቅል ጀመር። ደግሰው ይህን ሲያይ የዛሬ ሁለት ዓመቱ ትዝ አለው፤ ያኛውም ከመሞቱ በፊት ጠጉር ሲነቅል ነበር። ፋሲካ ሊደርስ ገና ዐሥራ ሦስት ቀን ይቀራል።

አህያዋን ያያት ሚያዝያ 1 ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ከመንገዱ በታች ባለ ፈፋ ውስጥ ነው። ሆዷን ጅብ በልቶታል፤ የኋላ እግሮቿ ደኅና ናቸው። ከፈፋው በላይ ሁለት ሦስት ቤቶች ይታያሉ፤ ከአንዱ ጭስ መውጣት ጀምሯል። መጠየቅ ነበረበት። ግን ምን ብሎ? የክርስቲያን ልጅ፣ የመሪጌታ ዘር፣ በዐቢይ ጾም ማለዳ የሰው በር አንኳኩቶ የሞተች አህያ እግር ስጡኝ ይላል? የጆንያው ወሬ እንኳ አልበረደም። ጋቢውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አኖረ፣ ወደ ፈፋው ወረደ፣ በመጥረቢያ ሁለቱን እግሮች ከመገጣጠሚያቸው ለየ። ታፋቸው ላይ አራት አምስት ቦታ የተሰነጠቀ ነገር አየ። የጅብ ጥርስ ነው ብሎ አለፈው። ሰው ሳያየው ለመሄድ ቸኩሏል።

አለቱ ላይ አስቀምጦ ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ቀለል አለው።

በማግስቱ ሲመጣ ከአለቱ ሥር ሦስት ቁራዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀዋል። ያኔም ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ቀና ሲል እናትየዋን አያት። ከአለቱ ሃያ እርምጃ ርቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አጥንት ሰባሪ ሰው እያየ መሬት ላይ አይቀመጥም። ቀረበ፣ አልተነሣችም። ክንፎቿን እንደ ተሰበረ ጃንጥላ ግራና ቀኝ ጥላ ራሷን ወደ ኋላ ታንጋድዳለች። በአንገቷ ላይ ያለው ላባ ቆሟል። ዐሥር ዓመት ሙሉ በባይኖኩላር ያየው በቀይ ቀለበት የተከበበ ዓይን አሁን በእጁ ሊነካው በሚችልበት ርቀት ላይ ነው፤ ያየዋል ወይም አያየውም። ደግሰው አጠገቧ ተቀመጠ። ብዙ አልቆየችም።

ከዚያ ክንፍ አየሩን ሲቀዝፍ ሰማ። ወንዱ ነበር፤ ሥጋው ላይ ሊወርድ ይዞራል። ደግሰው ጋቢውን እያውለበለበ አለቱ ላይ ወጣ። ወንዱ ራቀ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ራቀ። ሥጋውን ሊያቃጥለው ጭራሮ ለቀመ፤ እሳቱ ጠጉሩን ብቻ ለብልቦ ጠፋ። ሊቀብረው ፈለገ፤ ሁሉም ዐለት ነው። በመጨረሻ እግሮቹንና ቁራዎቹን፣ እናትየዋንም፣ ከአለቱ በታች ባለ ስንጥቅ ውስጥ ከትቶ ድንጋይ ይከምርባቸው ጀመር። ጨርሶ ቀና ሲል ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ጫጩቱ ከጎጆው ጠርዝ ላይ ሆኖ ሲያየው ነበር።

ሲወርድ ያችን ጭስ ያየባትን ቤት አንኳኳ። በሯን የከፈተችው ይማርሽ የምትባል የባለ አህያው ሚስት ናት።

«ፈፋው ውስጥ ያለችው አህያ የእናንተ ናት?»

ይማርሽ መጥረቢያውን አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እርስዎ ነዎት እንዴ? በማርያም። እኛ እኮ የዘንድሮ ጅብ መጥረቢያ ገዛ እያልን ስንስቅ ነው የዋልን።»

ደግሰው አልሳቀም። «ምን አድርጋችሁባት ነበር?»

«ባሌ ታፋዋን በቢላ ሰንጥቆ የተባይ መድኃኒት ጠቀጠቀበት። ጅቡ የቀረውን ሊጨርስ ይመለሳል ብሎ። ውሻችሁን እሰሩ ብሎ በየቤቱ ዞሮ ተናግሯል።» ፊቱን አየችና ድምፅዋ ተለወጠ። «ቀመሱት እንዴ?»

«አልቀመስኩም።»

«ታዲያ ምን ሆነዋል?»

«ምንም አልሆንኩ።»

«ቢጠይቁን እኮ እንነግርዎ ነበር። አንድ ቃል ነው፣ እንነግርዎ ነበር።»

አንድ ቃል መሆኑን ደግሰው እስከ ከተማው ድረስ እየደጋገመ ሄደ።

ሚያዝያ 4 ቀን፣ በሆሳዕና ዋዜማ፣ የንስሐ አባቱ ቄስ ገብረ ዮሐንስ ቤቱ ድረስ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዳገቱ አድክሟቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ባንቺዓለም ውኃ ሰጥታቸው ወጣች።

«ልጄ፣ ሕማማት ከገባ ፍትሐት እንደሌለ ታውቃለህ። ያለህን ዛሬ ንገረኝ።»

«አባ፣ ገድያለሁ።»

መስቀሉን የያዘው እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ። «ማንን?»

«አሞራ። የማላውቀውን ሥጋ ሰጥቼ። አህያ ነበረች፣ መርዝ ነበረባት፤ አልጠየቅኩም። ጫጩት አላት።»

ቄሱ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «የጆንያውስ?»

«የምን ጆንያ?»

«ከጋሸና የሚመጣልህ። ከእሱ ቀምሰሃል?»

«አልቀመስኩም፣ አባ።»

«እጅህ ደም ነክቶት፣ ሳታስበው ወደ አፍህ...»

«አልቀመስኩም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ከልባቸው ነበር፤ ትከሻቸው ሲወርድ ይታያል። «ይህ ሁሉ ወሬ ሲመጣብኝ የአባትህን ፊት እያሰብኩ ምን እንደምልህ ጠፍቶኝ ነበር። በል በድን ነክተሃልና ጸበል ተጠመቅ። ሌላ ያስጨነቀህ ነገር የለም?»

«የአሞራዋስ?»

«የአሞራዋ ምን?»

«ቀኖና ይስጡኝ። ሁለት መቶም ሦስት መቶም ስግደት ይሁን።»

ቄስ ገብረ ዮሐንስ በሐዘኔታ አዩት። «ልጄ፣ ለአሞራ ቀኖና የለም። ደግሞስ ልታበላት እንጂ ልትገድላት መቼ ሄድክ? በረከት ነው ያሰብከው።» መስቀሉን አሳለሙትና «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ቀስ ብለው ተነሡ።

ደግሰው እስከ መንገዱ ሸኛቸው። የፈሩለት ኃጢአት እሱ ያልሠራው ነው፤ ለሠራው ደግሞ ቦታ አልተገኘለትም። ጎረቤቶች ቄሱ ፊታቸው ፈክቶ ሲወጡ አዩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የጆንያው ወሬ ቀረ።

የሕማማትን ሳምንት ገደሉ ሥር ነው ያሳለፈው። የመንደር ውሾች ስንጥቁን እየቆፈሩ ድንጋዩን ያንከባልሉታል፤ እሱ ሌላ ድንጋይ ያመጣል። በየቀኑ ዐርባ፣ ሃምሳ ድንጋይ ይሸከማል። ወንዱ ብቻውን ማደን ያዘ። ጫጩቱን ትቶ ርቆ ይሄዳል፤ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። ጫጩቱ መጮህ አቆመ። ስቅለት ዕለት ጎጆው ላይ ራሱን ጥሎ ተኝቶ ደግሰው ሞቷል ብሎ ደብተሩን አወጣ፤ ሊጽፍ ሲል ክንፉ ተንቀሳቀሰ።

ፋሲካ ሆነ። ላሊበላ በአንድ ቀን በየቅርጫው በሬ ጣለ፤ አጥንቱ ከየአጥሩ ወጣ፤ ወንዱ ከጠዋት እስከ ማታ ከተማውና ገደሉ መካከል ሲመላለስ ዋለ። ባንቺዓለም ዶሮ ሠርታ ስትጠብቅ ደግሰው አልመጣም። ማታ ሲገባ «በላ» አላት። ማን እንደበላ አልጠየቀችውም።

ግንቦት ውስጥ ጫጩቱ ከጎጆው ጠርዝ ላይ ቆሞ ክንፉን ሲመታ ይውላል። ጥቁር ሆኗል፤ ጢሙም ወጥቷል። ደግሰው ግን ደስታውን ፈልጎ አላገኘውም። ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ይከምራል፣ ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከስንጥቁ ሽታ እንደ አዲስ ይወጣል። መርዙ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቋል፤ የሚያውቅ አላገኘም።

ግንቦት 14 ቀን ረፋድ ላይ ነፋስ ከታች ወደ ላይ መጣ። ጫጩቱ እንደ ሁልጊዜው ክንፉን መታ፤ እግሮቹ ከጠርዙ ለቀቁ። መጀመሪያ ወደቀ። ደግሰው ሳያስበው ብድግ አለ። ከዚያ ነፋሱ ተቀበለውና በዚያ ትልቅ ክንፍ ተንሳፈፈ፤ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ተዛነፈ፣ ተስተካከለ፣ በገደሉ ፊት ረጅም ዙር ዞረ። መብረር ያልለመደ ላባ በነፋስ ውስጥ እንዴት እንደሚያፏጭ ደግሰው እስከዚያ ቀን ሰምቶ አያውቅም።

ዙሩን ጨርሶ ወረደ፤ ድንጋይ ክምሩ ላይ አረፈ።

ሠላሳ እርምጃ ነው። ባይኖኩላር አላስፈለገውም። በማጅራቱ ላይ ያልረገፈ የጫጩትነት ጠጉር በነፋሱ ይውለበለባል። ወጣቱ አሞራ ግራና ቀኝ አየ፣ ደግሰውንም አየ፤ ከተፈለፈለበት ቀን ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ነውና ምንም አልመሰለውም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ መንቆሩን በድንጋዮቹ መካከል ሰደደና አንድ ነገር ይስብ ጀመር።

ደግሰው ድንጋይ አንሥቶ ወረወረ። ሳተው። አሞራው ራሱን ዘንበል አድርጎ ተመለከተው፤ አልሄደም።

«ሂድ» አለው። «ሂድ ከዚህ።»

ሁለተኛው ድንጋይ እግሩ ሥር ወድቆ ተሰባበረ። አሞራው ደንግጦ ወደ ኋላ ተንደረደረ፣ ክንፉን ዘረጋ፣ ባዶ አፉን ተነሣ። ደግሰው እየጮኸ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ሮጠበት። አሞራው ሸለቆውን ተሻግሮ ራቀ፤ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞር ሊል መሰለና ሰውየውን አይቶ መንገዱን ቀጠለ። ከማዶ ያለው ተራራ ላይ ሲደርስ ቁራ አከለ፤ ከዚያ ነጥብ ሆነ።

ደግሰው ሦስተኛውን ድንጋይ ይዞ ቆመ። ተመልሶ ቢመጣስ ብሎ፣ እስኪመሽ ድረስ ከእጁ አልጣለውም።